«ማነው የሚያጓራው?» – ስለ ዓለም ፍጻሜ የተሠራ የሜታል አልበም እንዴት ይደመጣል

«አንተ ልጅ፣ ማነው እዚያ ውስጥ የሚያጓራው?»

የጠየቁኝ አከራዬ ናቸው። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ባለ ግቢ ውስጥ። የእኔን ክፍል ከእማማ ጓዳ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ እኔ የማዳምጠውን እሳቸው ይሰማሉ፣ እሳቸው የሚያዳምጡትን እኔ እሰማለሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። እሳቸው በትንሿ ሬዲዮናቸው፣ ልጃቸው በፍላሽ የጫነላቸውን በገና ከፍተዋል። እኔ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫዬ ስለተበላሸ ስለ ዓለም ፍጻሜ የተሠራ አንድ የክርስቲያን ሜታል፣ ማለትም ከባድና ሸካራ የሮክ ሙዚቃ፣ አልበም በስፒከር ለቅቄያለሁ።

«መዝሙር ነው እማማ» አልኳቸው።

«መዝሙር?» አሉ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «እንዲህ የሚያጓራውስ ጠበል ሲነካው ነው።»

ይህን ማለታቸው አልገረመኝም። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ባለ ድምፅ ሲያጓራ የሚሰማበት ቦታ የታወቀ ነው። ወይ ጠበል ቦታ ነው፣ ወይ እኔ በማገለግልበት ዓይነት የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ለታመመ ሰው ሲጸለይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በሁለት ቃል የሚመለስ አልነበረም። እኔ በሰፈራችን ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሳውንድ ላይ አገለግላለሁ፤ ቤዝ ጊታርም እመታለሁ። ያን ማታ ግን እስከ አምስት ሰዓት አውርተን ነገሩን አልጨረስነውም። ለእማማ ያስረዳሁትን፣ እሳቸውም ለእኔ ያስረዱኝን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?

አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ይህን ሙዚቃ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ይሄ ነው። በእኛ ቋንቋ «ዘፈን» ሲባል ዜማው ሳይሰማ ፍርዱ ይቀድማል። አንዱ ምክንያት ገላትያ 5፥21 ነው። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሥጋ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» ነው፤ ጠጥቶ በሌሊት እየጮኹ በየመንገዱ መዞርን፣ ገደብ ያጣ ፈንጠዝያን ያመለክታል። ተርጓሚዎቹ በእኛ አገር ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደውን ነገር ፈልገው «ዘፋኝነት» አሉት። ትርጉሙን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ማንሣቴ። ጥቅሱ የሚከሰው ስካሩንና ልቅነቱን እንጂ የጊታርን ድምፅ ወይም የከበሮን ፍጥነት እንዳልሆነ ማወቁ ግን ይጠቅማል።

በመሣሪያም በኩል እንዲሁ ነው። ክራርና በገና ሲታዩ ታናሽና ታላቅ ወንድማማች ይመስላሉ። አንዱ ለአዝማሪ ቤት፣ ሌላው ለጸሎት ተሰጥተው ኖሩ። ከእንጨቱና ከጅማቱ ይልቅ የለያያቸው የሚዜምባቸው ነገር ነው። ዛሬ ክራር እኔ በማገለግልበት መድረክ ላይ ወጥቶ ይመታል፣ ማንም ቅር አይለውም።

ክርስቲያን ሜታልም የተወለደው እንዲህ ባለ ክርክር መሃል ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስትራይፐር የተባለ የካሊፎርኒያ ባንድ ቢጫና ጥቁር ሰንበር ያለበት ልብስ ለብሶ እየተጫወተ ከመድረክ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ለተመልካቹ ይወረውር ነበር። ከስሙ ሥር ኢሳይያስ 53፥5ን ይጽፋል። እንግሊዝኛው በዚያ ጥቅስ ላይ ለግርፋቱ የተጠቀመበት ቃል፣ «ስትራይፕስ»፣ ልብስ ላይ ያለ መስመርም ማለት ነው። በአማርኛም የአለንጋው ምልክት «ሰንበር» ነው፣ የጨርቁም መስመር «ሰንበር» ነው፤ ስለዚህ የባንዱ ስም ከብዙ ቋንቋ ይልቅ በእኛ ቋንቋ ቶሎ ይገባል። በዚያው ዘመን እንደ ጂሚ ስዋጋርት ያሉ ስመ ጥር ሰባክያን ክርስቲያን ሮክ የሚባለውን ሁሉ በአደባባይ ያወግዙ ነበር። ከስትራይፐር በኋላ የመጡት፣ ለምሳሌ የአውስትራሊያው ሞርቲፊኬሽን፣ ጭራሽ ማጓራቱን ጨመሩበት።

ያ ሸካራ ድምፅ

የሜታል ታሪክ የሚጀምረው በእንግሊዟ በርሚንግሃም፣ በቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቶኒ አዮሚ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ፋብሪካውን ሊለቅ በመጨረሻዋ የሥራ ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለነበር የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። ሙዚቃ ያበቃለት መስሎት ነበር። በኋላ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፣ ስስ ክር ገጠመ፣ ከጊዜ በኋላም ጣቶቹ እንዲቀላቸው ክሩን አላልቶ ቃኘው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወፍራል፣ ይከብዳል። የእሱ ባንድ ብላክ ሳባዝ በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ አልበም የሜታል መነሻ ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ስነግራቸው እማማ ደረታቸውን ይዘው «ወይኔ፣ ጣቱን!» አሉ። ከነገርኳቸው ሁሉ መጀመሪያ ልባቸው የገባው ይሄ ነው።

ሸካራነቱ ግን ከክሩ መላላት ብቻ አይመጣም። ድምፅ ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲገፋ የማዕበሉ ጫፍ ይቆረጣል፤ ሾጣጣ ተራራ የነበረው እንደ አምባ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጫፉ ሲቆረጥ መጀመሪያ ያልነበሩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ከውስጡ ይፈለፈላሉ፣ እነሱ ናቸው የሚሻክሩት። እሁድ እሁድ ሰባኪው ማይኩን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲጮህ ሚክሰሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ እኔም ያ እንዳይሆን ስታገል እውላለሁ። የሜታል ጊታሪስት ደግሞ ያንኑ ሆን ብሎ ያደርገዋል፣ እድሜ ልኩንም ያጠናዋል።

ይህን በቃል ብቻ ማስረዳት ስላልሆነልኝ ቤዜንና ትንሿን አምፕሊፋየር አወጣሁ። ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ መታሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ጌይኑን፣ ማለትም ማጉያውን የሚገፋውን ቁልፍ፣ እስከ ጥግ አዞርኩና ያንኑ ክር ደገምኩት። እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁ እስኪሞት ድረስ አዳመጡ።

«እንዝራ አስገባህበት» አሉኝ።

እንዝራ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለካ ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በገና ደርዳሪ ኖረዋል። በገና ላይ ክሩ ከታች በሚያርፍበት ብርኩማ መሳይ እንጨትና በክሩ መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እሷ ናት እንዝራ። ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። የዓለሙ አጋን በገና የሰማ ሰው የቱን ድምፅ እንደምል ወዲያው ይገባዋል። በበርሚንግሃም ኤሌክትሪክ የሠራውን በእኛ አገር ቆዳ ሲሠራው ኖሯል። ሁለቱም የጠራውን ድምፅ ሆን ብለው ያሻክሩታል። በገናም የሚዘመረው ባብዛኛው ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ፍርድ ቀን ነው። ጾሙ እኩሌታ ላይ የሚውለው አምስተኛው እሁድ፣ ደብረ ዘይት፣ ራሱ የዳግም ምጽአት እሁድ ነው።

ዮሐንስ በራእዩ የሰማይን ድምፅ በምን እንደመሰለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በምዕራፍ 14 ላይ እንደ ብዙ ውኃ፣ እንደ ታላቅ ነጎድጓድና በገና እንደሚደረድሩ ሰዎች ያለ ድምፅ ሰማሁ ይላል፤ ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው። በምዕራፍ 9 የአንበጦቹ ክንፍ ድምፅ ወደ ጦርነት እንደሚሮጡ የብዙ ፈረሶች ሰረገላ ነው። ሜታል ከበሮ መቺ በሁለት እግሩ፣ በሁለት ፔዳል፣ ትልቁን ከበሮ ያለ ፋታ ሲረግጥ ሰምታችሁ ከሆነ ያ ጥቅስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚጠይቅ ይገባችኋል። ይህን መጽሐፍ በለሰለሰ ኪቦርድ ብቻ ማዜም ግማሹን ማስቀረት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚደንቀኝ ስለሆነ። የሜታል አስፈሪነት አንዱ ምንጭ በሁለት ድምፆች መካከል ያለ ስድስት ሴሚቶን ርቀት ነው፤ ሴሚቶን በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ብላክ ሳባዝም የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተው በእሱ ነው። አውሮፓውያን የሙዚቃ መምህራን ይህን ርቀት በላቲን «ዲያብሎስ በሙዚቃ ውስጥ» ብለውታል። አሁን አንቺ ሆዬን ከዶ ተነሥታችሁ በፒያኖ ምቱ፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ከዶ እስከ ዝቅ ያለው ሶል ድረስ ቁጠሩ፤ ስድስት ሴሚቶን ነው። እነሱ በዲያብሎስ የሰየሙትን እኛ ሠርግ ላይ እናጨበጭብበታለን። ስለዚህ ድምፅ በራሱ ርኩስ ወይም ቅዱስ ነው ከማለታችን በፊት የማን ጆሮ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል።

ማጓራቱስ? ከእውነተኞቹ የድምፅ አውታሮች በላይ፣ ስንናገር የማንጠቀምባቸው ሌሎች እጥፋቶች ጉሮሯችን ውስጥ አሉ። አጓሪው እነሱን ነው የሚያርገበግበው። ትንፋሹን ካልተቆጣጠረ ጉሮሮው ይጎዳል፣ ስለዚህ እንደማንኛውም ዘማሪ ይለማመዳል። ታሪክ በሚተርክ አልበም ውስጥ ደግሞ ድምፅ ብዙ ጊዜ እንደ ቲያትር ገጸ ባሕርይ ይከፋፈላል። አውሬው ሲናገር ያጓራል፣ ሰማዕታቱ ሲጮኹ በጠራ ድምፅ ነው። እማማ ከግድግዳው ማዶ የሰሙት አውሬውን ነበር። ርኩስ መንፈስ መስሏቸው መደንገጣቸው፣ እንግዲህ፣ በትክክል መስማታቸው ነው።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ትርጓሜ ነው

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው ነገር። ብዙ አድማጭ የሚያልፈውም እሱን ነው።

አንዳንድ አልበም የተለያዩ ዜማዎች ስብስብ ነው፤ የወደድነውን መርጠን እንሰማለን። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ ወይም አንድ ሐሳብ ይዞ የሚሄድ፣ አራተኛው ያለ ሦስተኛው የማይገባ፣ መጀመሪያ ላይ የሰማነው ዜማ መጨረሻ ላይ ተለውጦ የሚመለስበት አልበም ነው። በእንግሊዝኛ ኮንሰፕት አልበም ይሉታል። ከመሃሉ አንድ ዜማ አውጥቶ በስልክ መላላክ ከአንድ ልብ ወለድ ምዕራፍ ሰባትን ብቻ ቀድዶ እንደመስጠት ነው።

የዮሐንስ ራእይ፣ በግእዙ አቡቀለምሲስ፣ ለዚህ ዓይነት አልበም የተመቸ ይመስላል። 22 ምዕራፍ ነው፣ ሰባት ማኅተም፣ ሰባት መለከት፣ ሰባት ጽዋ አለው። አቀናባሪው ገና ወረቀቱን ሲያወጣ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ያገኘዋል። ማኅተሞቹ አልቀው መለከቶቹ ይመጣሉ፣ መለከቶቹ አልቀው ጽዋዎቹ ይፈሳሉ? ወይስ ሦስቱም አንዱን ነገር ከሦስት ወገን የሚያሳዩ ናቸው? በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የፔታው ቪክቶሪኖስ፣ ስለ ራእይ ከጻፉት ቀደምት ተርጓሚዎች አንዱ፣ ሁለተኛውን መንገድ መርጧል። ዮሐንስ ወደፊት ብቻ አይሄድም፣ ተመልሶ ይደግማል ይላል። ሌሎች ደግሞ እንደ መሰላል አንዱ ካንዱ በላይ ነው ይላሉ።

ሰባኪ ሁለቱንም አስረድቶ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ሊወርድ ይችላል። አልበም ግን መምረጥ አለበት፤ ትራክ አምስት ከትራክ አራት በኋላ መምጣቱ አይቀርምና። እንደ መሰላል ካነበበው ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየከበደ እየፈጠነ አንድ አቀበት ይወጣል። እንደ ድግግሞሽ ካነበበው ለማኅተሞቹ የሠራውን ዜማ በመለከቶቹ ጊዜ ዝቅ ባለ ቅኝት፣ በጽዋዎቹ ጊዜ ደግሞ በሌላ ፍጥነት ይመልሰዋል። ጆሮ «ይህን ሰምቼዋለሁ» ይላል፣ ቃሉ ግን ሌላ ነው። የእኛ ሊቃውንት አንድምታ የሚሉት ይሄ ነው። አንዱን ጥቅስ ይዘው አንድ ፍቺ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላውን ከጎኑ ያቆሙታል፣ የመጀመሪያውን ሳያፈርሱ። አንድን የጊታር ሐረግ ለውጦ መመለስ በሙዚቃ «አንድም» ማለት ነው። የእኔ ምርጫ ይሄኛው ነው። አቀበት ብቻ የሆነ አልበም ከ40 ደቂቃ በኋላ ጆሮን ያደክማል፣ መጽሐፉም ራሱ በነጎድጓዱ መሃል ደጋግሞ ወደ ዙፋኑና ወደ መዝሙሩ ይመለሳል።

የዘመኑ ስሌትም በቅደም ተከተሉ ውስጥ ይገባል። እኔ ያደግሁበት ትምህርት ላይ መጀመሪያ ንጥቀት፣ ማለትም አማኞች በድንገት ወደ ሰማይ መወሰዳቸው፣ አለ፤ ከዚያ መከራው፣ ከዚያ ክርስቶስ የሚነግሥበት ሺሁ ዓመት ይመጣል። ይህ አቀማመጥ በስፋት የታወቀው ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጆን ኔልሰን ዳርቢ ትምህርት ነው፤ ከአሜሪካ የመጡ ብዙ የፍጻሜ ዘመን አልበሞችም የሚከተሉት እሱን ነው። እማማ ደግሞ ንጥቀት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ምጽአት አንድ ነው፣ ሺሁ ዓመትም በቁጥር አይታሰብም። «ስምንተኛው ሺህ» ግን ከአፋቸው አይጠፋም። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ የዘመን ቆጠራ፣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ስለሆነ ሰባተኛው ሺህ ያለቀው በ1500 ዓ.ም. ነው፣ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የስምንተኛው ሺህ ሰው ነው። የቋራው ካሳም በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ በመጨረሻው ዘመን በጽድቅ ይነግሣል የተባለውን ንጉሥ ስም ይዘው ነው። እንግዲህ ስለ ፍጻሜ የሚናገር ጥበብ ለአበሻ ጆሮ ከውጭ የገባ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከመጽሐፉ ሙሉ አልበም ለመሥራት ከሞከሩት ቀደም ካሉት አንዱ አፍሮዳይትስ ቻይልድ የተባለው የግሪኮች ባንድ ነው። ቫንጌሊስ ያቀናበረው፣ ሁለት ሸክላ የሞላ ሥራ ሲሆን በ1972 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ርዕሱ ራሱ «666» ነው። ሜታልም መዝሙርም አይደለም፤ መንገዱን ግን አሳይቷል። በክርስቲያን ሜታል በኩል ስም የሚጠራው የካሊፎርኒያው ሴቪየር ማሽን ነው። ኤሪክ ክሌይተን፣ እንደ ኦፔራ ዘማሪ በወፈረና በጠራ ድምፅ፣ ያለ ማጓራት፣ ራእይን ከሌሎቹ ትንቢቶች ጋር አያይዞ «ሌጀንድ» በሚል ስም በሦስት ክፍል ሊያዜም ተነሣ። የመጀመሪያው በ1997፣ ሁለተኛው በ1998፣ የሦስተኛው የመጀመሪያ አጋማሽ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጡ። የሦስተኛው ሁለተኛ አጋማሽ፣ ማለትም መጨረሻው፣ ለዓመታት ቢጠበቅም እንደታሰበው ሳይወጣ ቀረ። ይህን ሥራ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ይረዝማል፣ ሥነ መለኮቱም ሁሉም የሚቀበለው አይደለም፤ ነገር ግን ራእይን ጥቅስ ለመልቀም ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት በእሱ ምክንያት ነው።

አራቱ ፈረሶች

አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለን እንይ። ራእይ 6።

የ1954ቱ ትርጉም ፈረሶቹን ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያለ አይጠራቸውም። አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ሐመር ይላቸዋል፤ የፈረስ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው። ሱሉልታ ላይ ፈረስ ሳይታይ አይዋልም፤ ሜዳው ላይ ሲግጡ፣ ጋሪ ሲጎትቱ። ጋሪ ነጂዎቹ ዛሬም «ዳማውን»፣ «ጉራቻውን» ነው የሚሉት። ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ያ ምዕራፍ ሲነበብ ከደጅ የሚታይ ፈረስ ነው የሚገባው።

አቀናባሪ ሁሉ አራቱን በአንድ ፍጥነት ሊያስጋልባቸው ይፈተናል፤ ሜታል ፍጥነት ይወዳልና። አምባላዩ ድል ለመንሣት የወጣ ስለሆነ ቀጥ ያለ ሰልፍ ይስማማዋል። ዳማው ሰላምን ከምድር የሚወስድ ነው፤ እሱ በእርግጥ ይፈጥናል። ጉራቻው ግን ቆም ብሎ መታሰብ አለበት። የተቀመጠበት በእጁ ሚዛን ይዟል፤ የሚሰማውም ድምፅ የገበያ ዋጋ ነው፦ አንድ እርቦ ስንዴ በዲናር፣ ሦስት እርቦ ገብስ በዲናር፣ ዘይቱንና ወይኑን ግን አትጉዳ። ዲናር የአንድ ተራ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። አንድ እርቦ ስንዴ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ምግብ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚያተርፈው የራሱን ጉርሻ ብቻ ነው፤ ልጆች ካሉት ወደ ገብስ ይወርዳል። ዘይቱና ወይኑ ያልተነካለት ሌላ ሰው ደግሞ አለ።

ይህን በፍጥነት መጫወት አይቻልም። ኑሮ ሲወደድ እየጋለበ አይመጣም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነው። ቤዜን አንሥቼ ለእማማ እንዲህ አሳየኋቸው፦ አንድ ከባድ ምት፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ያው ምት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ እንደገና ዝምታ። ሚዛን ላይ ድንጋይ ሲጨመርበት እንደማለት። ጥቅሱንም እያነበብኩላቸው ነበር። እማማ ስለ ሙዚቃው ምንም አላሉም። «የጤፉ ነገር እኮ ነው» አሉና ጥቂት ዝም ብለው «ባለዘይቱ አልተነካም አለ?» ብለው ጠየቁኝ። መልሼ አነበብኩላቸው።

ሐመሩን፣ ሞት የተቀመጠበትን፣ እንዲሁ አልፌዋለሁ። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ከአራቱ ፈረሶች የበለጠ የሜታልን ባንድ የሚፈትነው ግን ሰባተኛው ማኅተም ነው። ሲፈታ «እኩል ሰዓት የሚያህል ዝምታ በሰማይ ሆነ» ይላል፣ ምዕራፍ 8 መጀመሪያ ላይ። በድምፅ የሚኖር ሰው ዝምታን በምን ይጫወተዋል? አንዳንዱ ይዘለዋል። አንዳንዱ በቀጭን ኪቦርድ ይሸፍነዋል። ለእኔ ትክክለኛው ሁሉንም ማቆም ነው፤ የአምፕሊፋየሩ እሽታ ብቻ እስኪሰማ፣ አድማጩ ስልኩ የጠፋ መስሎት እስኪያይ ድረስ። ባለፈው ክረምት በአዳር ጸሎት ላይ፣ ኳየሩ ከፍ ብሎ እየዘመረ ሳለ መብራት ሄደ። ስፒከሩ፣ ኪቦርዱ፣ አምፖሉ አንድ ላይ ጠፉ። ከዚያ በፊት የማናውቀው ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይሰማ ጀመር፣ ወደ እንጦጦ በኩል ጅብ ጮኸ። ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው ተቀምጦ ማንም አልተነፈሰም። ሚክሰሩ ላይ እጄን እንዳደረግሁ ቆሜ ያ ጥቅስ ያኔ ነው የገባኝ።

እንግዲህ ይህን ዓይነት አልበም ማዳመጥ ለምትፈልጉ የምለው አንድ ነገር ቢኖር በቅደም ተከተሉ ስሙት ነው፤ ስልኩ ትራኮቹን እንዲያቀያይር አትፍቀዱለት። ራእይን ገልጣችሁ ከፊታችሁ አድርጉ። ግጥሙ በሌላ ቋንቋ ከሆነ ቀድማችሁ አንብቡት፤ ሲያጓራ ቃሉን መለየት ባለቋንቋውንም ያስቸግረዋል። የትኛው ዜማ ተመልሶ እንደመጣና በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንደተመለሰ ልብ በሉ፤ የሠሪው እምነት ያለው እዚያ ነው። በትርጓሜው ባትስማሙም ከየት እንደተለያችሁ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። «የሰይጣን ነው» ብሎ ከማጥፋትም፣ ቃሉን ሳይሰሙ «ደስ ይላል» ብሎ ከመጨፈርም ይህ ይሻላል።

ያን ማታ አምስት ሰዓት ሲቃረብ እማማ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። የተመለሱት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ በገና ተሸክመው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ማንም እንዳልደረደረው ነገሩኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስደገፉትና ከአንደኛው ክር ሥር እንዝራውን በጥፍራቸው ስበው አወጡት። «ስማ» አሉኝ። ክሩን ነካ አደረጉት። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ እንደ ሩቅ ክራር፣ ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ቆዳዋን በምራቃቸው አርጥበው መልሰው ከክሩ ሥር ሸጎጧት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ጆሯቸውን ወደ ክሩ አስጠግተው፣ ማጉረምረሙ እስኪመጣ። መጣ። ወደ ሁለተኛው ክር አለፉ። ክሮቹ 10 ናቸው፤ እኔም አምፕሊፋየሬን አጥፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።